እጁን ከጭኑ ሥር የሚያስቀምጠው ሰው

ሥዩም ባንዲራው ሞተ ብለው የደወሉልኝ ልብስ ሳሰጣ ነው። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ከልጄ ጋር ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እድሬን ግን ከአቃቂ አላነሳሁም፤ የሚያውቁኝ እዚያ ናቸው። የደወለችልኝም ከእድራችን ሴቶች አንዷ ናት።

"እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ሥዩም አረፉ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። መቼም ዋናዋ ኀዘንተኛ እርስዎ ነዎት፣ ቀደም ብለው ይምጡ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና የቀረውን ልብስ አሰጣሁ፤ የልጅ ልጄን ካልሲ ሳይቀር ጥንድ ጥንዱን እየፈለግኩ። እንባ አለመምጣቱን ያስተዋልኩት ባልዲውን ደፍቼ ስገባ ነው።

ዋናዋ ኀዘንተኛ ማለቷ ካለነገር አይደለም። እኔንና ልጄን ታምሩን ማን እንዳኖረን አቃቂ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው እዚህ ወረቀት ላይ እሱ እያልኩ ስጽፍ የሚታዘበኝ ይኖር ይሆናል። ይታዘበኝ፤ እስከ መጨረሻው ካነበበ ይፈርዳል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሱኝ።

ሥዩም የባቡር ጣቢያ ሰው ነበር። ባቡሩ አቃቂ ሲደርስ ሰውም ዕቃም የሚጠብቀው እሱን ነው። ሥራው ባንዲራ ማሳየት ነው፤ ቀዩን ሲዘረጋ ባቡሩ ይቆማል፣ አረንጓዴውን ሲያነሳ ይንቀሳቀሳል። "ባንዲራው" የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው። ቁመቱ ሎጋ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ኮፍያውን ወደ አንድ ጎን ሰበር አድርጎ የሚሄድ፣ ከሩቅ ስታዩት ባቡሩ የራሱ የሚመስል ሰው ነበር።

የጣቢያውን ቋንቋ ሰፈር አምጥቶ ነው የሚያወራው። ባልና ሚስት ሲጣሉ መሃላቸው ይቆምና "ቀይ! ሁለታችሁም ቁሙ!" ይላል። ተጣዪዎቹ ሳይወዱ ይስቃሉ። ልጅ ሲወለድ "አረንጓዴ ተነሳለት" ነው የሚለው። እኔ ምጣድ ላይ ያለ ነገር ቢያርርብኝ፣ አንዱ ለማግባት ቢቸኩል፣ የታክሲ ረዳት "ቶሎ ቶሎ ግቡ" ቢል፣ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረው። "ቆይ፣ ገና ነው።" የሚላት ደግሞ ረጋ ብሎ፣ "ቆይ"ን ሳብ አድርጎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተምሯት ነበር።

ወሬ ሲያወራማ! ማታ ማታ ከበሩ ጎን ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሰው ይከበዋል። የባቡሩን ፉጨት በከንፈሩ፣ ዳገት ሲወጣ ያለውን ድካም በትከሻው፣ የተሳፋሪውን ጭንቀት በቅንድቡ ያመጣዋል። እጁን ግን አያንቀሳቅስም። ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥባቸዋል። ወሬው የቱንም ያህል ቢሞቅ አያወጣቸውም። የሰፈር ልጆች እሱን ሲያስመስሉ እጃቸውን ቂጣቸው ሥር ከተው ነው የሚጀምሩት።

ታምሩ ሕፃን ሳለ አንድ ቀን "አባባ ሥዩም፣ እጅዎን ለምንድነው የሚቀጡት?" አለው።

"ባለጌ ስለሆነ ነው" አለ ሥዩም። "ካልያዝኩት ብቻውን ይሄዳል።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

አሁን ስለ ባሌ ስለ ቱፋ ልንገራችሁ። ቱፋ የእዚያው የአቃቂ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ከወንዙ ማዶ ያርሱ ነበር። ጣቢያ የተቀጠረው ፉርጎ አገናኝ ሆኖ ነው። ያን ጊዜ ፉርጎ ከፉርጎ የሚያያዘው በሰው እጅ ነው። ባቡሩ ፉርጎዎቹን ወደ ኋላ እየገፋ ያመጣል፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ መሃላቸው ይገባል፣ ከባዱን ሰንሰለት አንስቶ ከመንጠቆው ላይ ይጥላል፣ ያጠብቃል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። እኔ ሥራው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አቀራረበና አመልካች ጣቱን መሃል ከተተ።

"ይቺ ጣት እኔ ነኝ" አለኝ።

"አውጣት!" ብዬ እጁን መታሁት።

"ምን ያስፈራሻል? ከልጅነቴ በሬ ስጠምድ ኖሬ አሁን ብረት እጠምዳለሁ። ብረት ከበሬ ይሻላል፣ አይራገጥም።" ደግሞ እንዲህ አለ፦ "ሥዩም እያለ ምን እሆናለሁ?"

ይህን ያለው በደንቡ ተማምኖ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው። መሃል የገባው ሰው አያይዞ ሲወጣ ሁለት ባዶ እጆቹን ከራሱ በላይ ያነሳል። ወጥቻለሁ፣ መሃል ማንም የለም ማለት ነው። ባንዲራ ያዡ እነዚያን ሁለት እጆች በዓይኑ ሳያይ አረንጓዴ አያነሳም። ነጂው ደግሞ አረንጓዴ ሳያይ ባቡሩን አያንቀሳቅስም። የመሃለኛው ሰው ነፍስ ያለችው በባንዲራ ያዡ ዓይን ውስጥ ነው። የኛ ሰዎች ይህን ደንብ እስከ መቃብር ይዘውት ሄዱ። የባቡር ሠራተኛ ሲቀበር፣ ሳጥኑ ሲወርድ፣ የቅርብ ጓደኛው ሁለት እጁን ያነሳል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተሉታል። ወጥቷል፣ በሰላም ወጥቷል እንደማለት። ካህናቱ መጀመሪያ ይቆጡ ነበር አሉ፤ ኋላ ተዉአቸው።

ቱፋ የሞተው አንድ ጠዋት ነው። ነጋሪዬ ሥዩም ነበር። ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ደጃፌ ቆመ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"አስኩ" አለኝ፤ ሌላ ማንም አስኩ ብሎኝ አያውቅም። "ቱፋ መሃል ቀረ።"

መርማሪዎች መጡ፣ ሥዩምን ጠየቁት። የመለሰውን ሰው ሁሉ ሰማው። "እጁን አነሳ፤ አየሁት፤ አረንጓዴ አነሳሁ። ከዚያ ምን እንደረሳ እንጃ ተመልሶ ገባ። ጠዋት ሲመጣ አፉ ይሸት ነበር" አለ። ለእኔ ብቻ ደግሞ ቤቴ መጥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ "የወንድሜን ስም ማንሳት አልፈልግም ነበር፣ እግዜር ያያል። መጠጡ ነው የበላው" አለኝ።

ምን ልበል? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርን። ቱፋ ጠላ ሲቀምስ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ሲወጣ እኔ ሕፃኑን እያጠባሁ ስለነበር ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። እና አመንኩ። ቀብሩ ላይ መጀመሪያ እጁን ያነሳለት ሥዩም ነው፤ ሁለቱንም፣ እስከ ላይ፣ እንባው እየወረደ። የእሱን አይቶ ያላለቀሰ አልነበረም።

የምንኖርበት ቤት የሠራተኛ ነውና ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። ሥዩም ጓሮው ያለችውን ክፍል ጠርጎ፣ ግድግዳውን በኖራ ቀብቶ "ግቡ" አለን። የታምሩ የክርስትና አባቱም እሱ ነው። ትምህርት ቤት ያስመዘገበው እሱ፣ ወላጅ ይምጣ ሲባል የሚሄደው እሱ፣ ክረምት ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮው ላይ የሚወጣው እሱ ነበር። በዓል ሲሆን ከእሱ ቤት የመጀመሪያው ሳህን ወደ እኛ ይመጣል። አንድም ቀን "እንዲህ አድርጌልሽ" ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሲያመሰግነው "ተዉ እባካችሁ፣ የወንድሜ ቤተሰብ ናቸው" ይላል። እኔ ጸሎት ሳደርስ ከልጄ ስም ቀጥሎ የምጠራው የእሱን ስም ነበር።

ቱፋን ግን ተቀየምኩት። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ተዝካሩን ሳወጣ ጥርሴን ነክሼ ነው። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን "አንተ ሰው፣ ለአንዲት ጠዋት ብትታገሥ ምን ነበር?" እለዋለሁ። ልጄም ይህን እየሰማ ነው ያደገው። ሥዩም ራሱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ "አባትህ ደግ ሰው ነበር፣ ጠንካራ ሰው ነበር፣ መጠጥ ግን… አንተ እንዳትነካ" ይለው ነበር። ታምሩ እስከዛሬ ጠብታ አልቀመሰም። በራሱ ሠርግ ጠጁን ሲሰጡት ከንፈሩን እንኳ ሳያስነካ መለሰ። "ያባቴ ይበቃል" አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያን ቀን ኮርቼበት ነበር።

ዘመኑ ሄደ። አሮጌው ባቡር ቆመ። ሃዲዱ ላይ ቦንዳ ልብስና ጫማ ይቸረቸርበት ጀመር፣ ባጃጅ ይቆምበታል። ሥዩም ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን በየጠዋቱ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይመለሳል። "ምን ሊያዩ ነው የሚሄዱት?" ስለው "እሱ ነው የሚያየኝ" ይለኛል።

ከዚያ አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር መጣ። ታምሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እንዶዴ ካለው ጣቢያ ኮንቴይነር ይጭናል። ሥዩም "ከአጥር ውጪ አይቼዋለሁ፤ ከቅርብ ሳላየው እንዳልሞት" እያለ ሲነዘንዘው፣ አንድ ቀን አስፈቀደና ሁለታችንንም መኪናው ላይ ጭኖ ወሰደን። እኔ መኪናው ላይ ስወጣ ሁለት ሰው ነው የደገፈኝ። ሥዩም "አረንጓዴ! ይንቀሳቀስ!" እያለ እንደ ልጅ ሆነ።

ታምሩ ሊጭን ሲሄድ እኛ ከመከለያው አጠገብ ቆምን። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሠራተኛ አብራን ነበረች። ፉርጎዎች ወደ ኋላ እየተገፉ ወደ ቆሙት ፉርጎዎች ይመጣሉ። በየጫፋቸው እንደታጠፈ መዳፍ ያለ ወፍራም ብረት አላቸው።

"መሃል የሚገባው ሰውዬ የታለ?" አላት ሥዩም።

"ማን ይገባል አባባ? ራሱ ነው የሚያያዘው።"

"ራሱ?"

"አውቶማቲክ ነዋ። ይዩት እንግዲህ።"

ሁለቱ ብረቶች ተጋጩ፤ ጓ! አለ መሬቱ። አንዱ መዳፍ የሌላውን ጨበጠ፣ ተቆለፈ። ማንም አልነካውም።

"ለመፍታትስ?" አለ ሥዩም።

"ከጎን ቆመን ያቺን ዘንግ መሳብ ነው። የአየር ቱቦውን በእጃችን ነው የምንቀጥለው፤ እሱም ሁሉም ነገር ቆሞ ካለቀ በኋላ።"

"እና ሲጋጭ መሃል ማንም የለም።"

"ማንም የለም አልኩዎት እኮ! እርስዎ ምን ሆነዋል፣ ሰው ጠፍቶብዎታል እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ሥዩምም ሳቀ። የሚሰማው ሰው አግኝቷልና ወሬ ጀመረላት። "በእኛ ጊዜ አንድ የከብት ነጋዴ ነበር፣ አንድ ወይፈን አስጭኖ…" ብሎ ቀጠለ። እኔ ይህን ወሬ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ገረመኝ። ቆሞ ስለነበር እጁን የሚያስቀምጥበት የለውም፤ ከዘራውን ይዟል። ወይፈኑ ከፉርጎው ዘሎ ወረደ፣ ሴቶቹ ብርቱካናቸውን ጥለው ሮጡ፣ ነጋዴው ጭራውን ያዘ እያለ ሲያወራ ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች። "ወይፈኑ ደግሞ ጭራውን እንዲህ ሲያነሳ…" አለና ከዘራውን ወደ ላይ አነሳ።

ያኔ ከኋላ ሌሎች ሁለት ፉርጎዎች ተጋጩ። ጓ!

እጁ ከነከዘራው እዚያው ላይ ቀረ። ልጅቷ የቀረውን ወሬ ትጠብቃለች። እሱ የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል የራሱን እጅ ቀና ብሎ ያያል። ፊቱ አመድ ሆነ። ልጅቷ በሬዲዮ ተጠርታ ሄደች። ሥዩም ወደ እኔ ዞረ።

"እንዲህ ነው ያነሳሁት" አለኝ።

"ምኑን?"

"ባንዲራውን። ይህን ወሬ ለብርቱካን ሻጮቹ እያወራሁ ነበር። አረንጓዴው በእጄ እንዳለ ረሳሁት። ቱፋ ገና መሃል ነበር፣ አስኩ። እጁን አላነሳም። አላየሁም።"

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ "መጠጡስ?" አልኩት።

"አልጠጣም። አፉ የሸተተው ወይራ ነው፤ መፋቂያ እያኘከ ነበር የመጣው።"

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ፀሐዩ በረታ፣ ጥላ ውስጥ እንሁን" ነው ያልኩት። ክንዱን ይዤ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሲቀመጥ እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ያ ሰፈር ሁሉ የሚስቅበት፣ ልጆች የሚያስመስሉት አቀማመጥ፣ እኔ ትሕትና የሚመስለኝ አቀማመጥ፣ የባሌ ደም ነበር።

"ለታምሩ አትንገሪው" አለኝ። "ከእኔ አፍ ይስማው። በሚመጣው የእድር ስብሰባ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቆሜ እናገራለሁ። የቱፋን ስም እኔ እንዳጠፋሁት እኔው አነሳዋለሁ። በልጅሽ ሞት ልማልልሽ?"

"በልጄ ሞት አትማል" አልኩት። አንተ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ሰማነው።

ታምሩ መጣ። "እንዴት ነው አባባ ሥዩም፣ ወደዱት?" አለው።

"ጉድ ነው ልጄ" አለ ሥዩም። "ያ ብረት የማንንም ባንዲራ አይጠብቅም።"

የስብሰባው ቀን ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ነጭ ለብሼ ነበር። የቱፋን ፎቶም ከሣጥን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይስማ ብዬ ይሆናል። ታምሩን "አባባ ሥዩም የሚናገሩት ነገር አለ፣ ናልኝ" ብዬ ሥራውን አስቀርቼ አምጥቼዋለሁ። ጉዳዩ ሁሉ አለቀ፣ የእድሩ ዳኛ "ሌላ ነገር ያለው?" አሉ። ሥዩም ተነሣ። ሥዩም ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰውን አየ፣ ሰዉም ገና ሳይናገር ፈገግ አለለት። እሱን አይቶ ፈገግ የማይል የለማ። ከዚያ ኮፍያው በነፋስ ስለተወሰደበት አንድ የጣቢያ ኃላፊ አወራ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ታምሩም ሳቀ። ሥዩም ተቀመጠ፣ እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተ፣ ወደ እኔ አላየም።

ስንወጣ አጠገቤ አለፈና "ቆይ፣ አስኩ፣ ገና ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ስብሰባ መጣ፣ አመመኝ ብሎ ቀረ። ቀጥሎም እውነትም አመመው። ልጠይቀው ስሄድ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው ሞልቶበታል፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጸበል ይዘው ይመጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እጁን ይስማሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ሆንን።

"መቼ ነው?" አልኩት።

"አስኩ" አለ፣ "የሚወዱኝ እንደወደዱኝ ልሙት። ምን ቀረኝ?"

"ለእኔስ ምን ቀረኝ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ተነሥቼ ብርድ ልብሱን አለበስኩትና ወጣሁ። የልማድ ነገር ነው፣ እጅ አስቦ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ የሰጠኝን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ማየት ሥራዬ ሆነ። ኖራ የተቀባችውን ክፍል፣ የበዓል ሳህኑን፣ የጣራ ጥገናውን። የትኛው ለእኛ ነበር፣ የትኛው ለራሱ እንቅልፍ? ምናልባት ሁሉም ለሁለቱም ነው። አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተኝ፤ ያም ነው ያቃጠለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቼው አርፍ ነበር። ባሌን የነጠቀኝ በአንድ ስሕተት ነው እንበል፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ስሙን የነጠቀኝ ግን ዕለት ዕለት ነው፤ ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ባለኝ ቁጥር።

የቀብሩ ቀን ታምሩ በመኪናው ይዞኝ ወጣ። የሕይወት ታሪኩን ቀብር ላይ የሚያነበው እሱ ነው፤ ሥዩም የወለደው ልጅ የለውምና። ወደ አቃቂ ስንወርድ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። "እማዬ፣ ስሚው እስቲ" አለና ስልኩ ላይ የጻፈውን አነበበልኝ። ጥሩ ጽፏል። መሃሉ ላይ "ወላጅ አባቴ ቱፋ በመጠጥ ምክንያት ሥራ ላይ ሕይወቱ ባለፈ ጊዜ አባባ ሥዩም አባት ሆኑኝ" ይላል።

"ያን ቃል አውጣው" አልኩት።

"የቱን?"

"መጠጥ የሚለውን።"

"እማዬ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን…"

"አልጠጣም ነበር፣ ልጄ።"

ነገርኩት። እንዶዴ ከቆምንበት ጀምሬ፣ ከዘራው፣ ወይፈኑ፣ ወይራው፣ ስብሰባው፣ ግድግዳው። ከኋላ መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፉብናል፣ መንገዱ ተከፍቷል፣ እሱ አልሰማም። እኔ አንዱን አባቱን ስሰጠው ሌላውን እየነጠቅኩት እንደሆነ አውቃለሁ። እጁ መሪው ላይ ነበር፤ ጣቶቹን አየኋቸው፣ የቱፋ ናቸው።

"ስብሰባው ላይ ስቄ ነበር" አለኝ በመጨረሻ። መኪናውን አስነሳ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቷል። ታምሩ ሲጠራ ወጣ፣ ስልኩን ከፈተ፣ ቆየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ" አለ። "ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ቱፋ ግን ያን ጠዋት አልጠጣም ነበር። አረንጓዴው ባንዲራ የተነሳው አባቴ ገና መሃል ሳለ ነው። ጋሽ ሥዩም ለእናቴ በአፋቸው ነግረዋታል። ሌላ የምለው የለኝም።"

እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር። ውሸታም ሊሉኝ፣ ሙት ወቃሽ ሊሉኝ ተዘጋጅቻለሁ። ማንም አልጮኸም። ከፊት የተቀመጡትን የድሮ የጣቢያ ሰዎች አየኋቸው። አንዱ በከዘራው መሬቱን ይቆፍራል። አንዱ ኮፍያውን ያዟዙራል። አንዱ ጫማውን ያያል። ከኋላ ድሮ ጣቢያው ላይ ብርቱካን ትሸጥ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ምን አለ?" ብሎ ጎረቤቱን የጠየቀ አንድ ሽማግሌ የለም። አዲስ ነገር የሰሙት ልጆቹ ብቻ ነበሩ።

አወቅኩ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የማናውቀው እኔና ልጄ ብቻ ነበርን።

ባለ ኮፍያው ወደ እኔ ጠጋ አለ። "አስካለ፣ ይቅር በይን። የሞተው ሞቷል፣ የቀረው እስር ቤት አይግባ ብለን ነው። ለሕያው ብለን ነው" አለኝ።

"እኔስ ያን ጊዜ ሞቼ ነበር?" አልኩት።



ሳጥኑ መውረድ ጀመረ። የጣቢያ ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው በመቃብሩ ዙሪያ ቆሙ፣ ሁሉም ታምሩን ያያሉ። እጅ የማንሳቱ ተራ የእሱ ነው፤ የቅርብ ሰው ሳይጀምር ሌላው አያነሳም። ታምሩ እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ቆመ። ጠበቁት። ካህኑም ቀና ብለው አዩት። ገመዱ እየተለቀቀ ነው። የአንዱ ሽማግሌ እጅ እስከ ደረቱ ድረስ መጣና ተመልሶ ወረደ። ሳጥኑ ያለ ምልክት ወረደ። አፈሩ ሲያርፍበት ጓ አለ።

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ለየትኛው እንዳለቀስኩ ግን አትጠይቁኝ።

ሰው ወደ ድንኳኑ ሲሄድ ታምሩ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ፣ ከጽዱ ሥር፣ ቱፋ ወዳለበት። ብዙ ጊዜ አብረን መጥተን አናውቅም ነበር። ሣሩን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አነሳ።

ቆየ። ክንዶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

"ይበቃል ልጄ፣ አውርዳቸው" አልኩት።

"ቆይ፣ እማዬ" አለኝ። "ገና ነው።"

ረጋ ብሎ፣ "ቆይ"ን ሳብ አድርጎ። ቁርጥ ሥዩምን።